ዊንዶውስን የተውኩበት በጋ

ጥር 5፣ ሰኞ

አሮጌዎቹን ወሰዷቸው። ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የቀረው ኮምፒውተሬ የነበረበት ቦታ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን አቧራ፣ መሃሉ ንጹሕ። ከጎኑ ነጭ ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ ማክ፤ የአፕል ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር።

ኃላፊያችን ሰብስባ ነገረችን። አሳታሚ ድርጅታችንን የገዙት ሰዎች የሚሠሩት በማክ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኛም። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ መጋቢት ሲገባ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ገጹን የማቀናብረው እኔ ነኝ።

ዊንዶውስን እኮ የተማርኩት አይደለም። አብሬው ነው ያረጀሁት።

ሩጫ ላይ ነኝ። እታባ ቤት ከባለቤቴ ጋር ናቸው፤ ሳይመሽባቸው መሄድ አለባቸው።

ጥር 6፣ ማክሰኞ ማታ

ኮንትሮል የሚባለው ቁልፍ ቦታው ላይ አለ፤ ሥራው ግን የሱ አይደለም። ኮፒ ላድርግ ብዬ ስጫነው ዝም ይለኛል። ሴቭ ላድርግ ስል ዝም። ሥራውን ሁሉ ኮማንድ የሚባል ጎረቤቱ ወስዶበታል። ትንሿ ጣቴ ስትሠራው የኖረችውን ከእንግዲህ አውራ ጣቴ ሊሠራው ነው። ጭንቅላቴ ገብቶታል፣ ጣቴ አሻፈረኝ አለ።

ፋይል ልክፈት ብዬ ኢንተር ስመታ አይከፍትም፣ ስሙን ቀይሪ ይለኛል። «ምዕራፍ ሦስት»ን ሳላውቅ «ጅጅጅ» ብዬ ሰይሜው ግማሽ ቀን ስፈልገው ዋልኩ። ወደ ታች እወርዳለሁ ስል ገጹ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀዩን ነጥብ ስጫን መስኮቱ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን አልሞተም፣ ከሥር ቁጭ ብሎ ያየኛል።

የሚያሠለጥነን ልጅ ለዐሥር ቀን ነው የተቀጠረው። ማስቲካ ያኝካል፣ ሽቶው ያስነጥሰኛል፣ ክፉ አይደለም። ማውሱን ከእጄ ወስዶ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይመልስልኛል።

«ማዘር፣ ቀላል እኮ ነው። አንዴ ከለመዱት ወደ ኋላ አያዩም።»

ማዘር! እናቱ ለመሆን እንኳ አልደርስም።

ቤት ስገባ እታባ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። እታባ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። እኔ ሥራ ስውል እሳቸው ሁለት አውቶቡስ ይዘው እየመጡ ከሱ ጋር ይውላሉ። ልጅ የለንም፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። ባለቤቴ የመሬት ቀያሽ ነበር። ነው። ቀያሽ ነው። ኅዳር ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ያዘው፣ ንግግሩንም ወሰደበት። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ «ነገ»። ለምን እሷ እንደቀረች ሐኪሙም አያውቅም። ውሃ ልስጥህ? «ነገ»፤ ድምፁ ከወጣ አዎ ማለቱ ነው፣ ከወረደ አይ። ሲቆጣ ደግሞ «ነገ! ነገ! ነገ!»

እኔ የሚለውን እረዳለሁ። አብዛኛውን።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ዛሬ አምስት ጊዜ ዘጋሁት። ከኮማንድ ጋር የሚጫኑት ኪውና ደብሊው ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ መስኮት ይዘጋል፣ ሌላው ሁሉንም ይዘጋል። ማን ነው ጎን ለጎን ያደረጋቸው?

ልጁ ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ። «ትናንት አሳይቼዎት ነበር እኮ፣ ማዘር።»

ምሳ አልበላሁም።

ጥር 9፣ ዓርብ

ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ልጁ ለኃላፊዋ ሲነግራት ሰማሁ።

«ሌሎቹ ይዘውታል። እሷ ግን... እንጃ።»

«ታገሳት እስቲ። ቤቷ ችግር አለ።»

እንጃ ያለኝን ይቅር ብዬዋለሁ። ቤቷ ችግር አለ የሚለው ግን ሲከነክነኝ ዋለ። ማን ነገራት? እኔ የነገርኳት ባለቤቴ ትንሽ አሞት እያገገመ መሆኑን ነው። እያገገመም ነው። ችግር የለም።

ጥር 11፣ እሑድ

እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ የሰጠችን የቤት ሥራ፦ በቀኝ እጁ ቁልፎችን ከአንዱ ኩባያ እያነሳ ወደ ሌላው መጨመር። የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ያነሳል፣ ያመልጠዋል። ያነሳል፣ ያመልጠዋል። ከዚያ በግራው ሊያነሳ ይሞክራል።

«በግራ አይደለም! ትናንት አሳይቼህ ነበር እኮ!»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኩባያዎቹን አነሳሁ። ራሴን አሞኝ ነበር፤ ጠዋትም አሞኝ ነበር።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ልጁ ሥልጠናውን ጨርሶ ሄደ። በድሮው ፎንት የተጻፉት ምዕራፎች ማኩ ላይ ሲከፈቱ ፊደሉ ሁሉ የወፍ ጫጫታ ይመስላል፤ ክፍልፋዮቹ መስመር ለቀው ይንሳፈፋሉ። ቀኑ ደግሞ እየገፋ ነው።

አንድ ዘዴ አገኘሁ። የቤቴን አሮጌ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዤ መጣሁ። መሳቢያውን ስቤ ውስጡ ከፈትኩት። ሥራውን በዊንዶውስ ሠርቼ በፍላሽ ወደ ማኩ አሻግረዋለሁ። ለሚያየኝ ሰው ማክ ላይ ነኝ። ለጊዜው ነው።

ሳያዩኝ ያልቀሩት አራሚያችን ብቻ ናቸው። ጡረታ ወጥተው የተመለሱ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ የሚፈልጉት። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው መሳቢያዬን አዩና፦

«እንዴት ነው ነገሩ፣ አንቺ ልጅ?»

«ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ፣ ጋሼ። አንዱ ቢሰበር ባንዱ ለመንጠልጠል ነው።»

«ይባላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣምም ይባላል።»

ሳቅን። እሳቸው ቀድመው አቆሙ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ድክም ብሎኛል። ሰባቱም ቀን ሰኞ ይመስለኛል።

እታባ ዛሬ ኮታቸውን ከለበሱ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አንቺ እኮ ሰው አልሆንሽም» አሉኝ። «መስተዋት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አውቶቡሱ ገደለኝ። ወደኔ ቤት ልውሰደው።»

«አይሆንም፣ እታባ።»

«የኔ ቤት ደረጃ የለው፣ ምን የለው። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታሽጎ ፀሐይ ካየ ስንት ጊዜው ነው?»

«ቤቱ እዚህ ነው።»

ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ነው አይሆንም ያልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ ሳላስበው አልጋው ታየኝ፤ ብቻዬን መሃሉ ላይ እጅና እግሬን ዘርግቼ። ወዲያው ወጥቼ እራት አቀረብኩ።

ጥር 28፣ ረቡዕ ማታ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ምዕራፍ አምስት የተሳሳተው ሄደ። ጥያቄዎቹን ላፕቶፑ ላይ አስተካክያለሁ፤ የመልሶቹን ገጽ ደግሞ ማኩ ላይ ከነበረው አሮጌ ቅጂ ነው የወሰድኩት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበር። ምዕራፉን እንዲገመግሙ የተላከላቸው መምህራን ኃላፊዋ ጋ ደወሉ። አንዱ መምህር «ልጆቹን ልታሳብዱ ነው ወይ?» አላት አሉ።

ጠራችኝ። በሩን ዘጋችው። ከኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

«ሁለት ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትይኛለሽ?»

«እርማት ክፍል ብታግዢ ምን ይመስልሻል? ለጊዜው። መጽሐፉን ሌላ ሰው ይጨርሰው።»

«አልሄድም።»

«ቅጣት እኮ አይደለም። ደክሞሻል።»

ደክሞሻል ሲሉኝ ለምን እንደ ስድብ እንደሚሰማኝ አላውቅም። 

«ማኩን ቤት ልውሰደው» አልኳት። «ተንቀሳቃሽ አይደል? ማታ ማታ ልልመደው። እስከ የካቲት መጨረሻ ስጪኝ።»

«ውሰጂው። አሮጌውን ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳላየው።»

በጋሼ እንኳ ተናድጄባቸዋለሁ። ምን አደረጉኝ? ነገሩኝ እንጂ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ማኩን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ ከወንበሩ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ በበትሩ ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳልጠራው።

ማውሱ ቢሮ ቀርቷል፤ ጠፍጣፋ መዳሰሻ ነው ያለው። ሁለት ጣት አስቀምጠሽ ትገፊዋለሽ። በግራ እጁ ገፋው። ገጹ ወደ ላይ ሄደ። አሁንም ገፋው፣ ሄደ። ሳቀ! አፉ ወደ አንድ ወገን ቢሄድም ሳቁ የራሱ ሳቅ ነው። ከኅዳር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

«ይገርምሃል አይደል? ሁሉ ነገሩ ግልብጥ ነው» አልኩት።

«ነገ!» አለ፣ በወጣ ድምፅ።

እስኪመሽ ከላዩ አልነሳም አለ። እኔ መሥራት ነበረብኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ በኋላ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ፣ ከዚያ «በቃ አሁን» ብዬ ሳብኩበት። ሳልጎትትበት ልወስደው እችል ነበር።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ኮማንድና የባዶ ቦታ ቁልፉን አብሮ ሲጫኑት መፈለጊያ ይከፈታል። የጠፋው ሁሉ ይገኛል። ይሄን ማን ደበቀኝ? ልጁ አሳይቶኝ ነበር ማለት ነው።

ምዕራፍ አንድ እስከ ሦስት በአዲሱ ፎንት አለቀ። የአራትም ግማሹ።

የካቲት 9፣ እሑድ

አሮጌውን ላፕቶፕ ለአንድ ፎቶ ብዬ ከፈትኩት። ኮፒ ላደርግ ስል አውራ ጣቴ ወዲያው የባዶ ቦታ ቁልፉ አጠገብ ሄደ። እዚያ ያለው ሌላ ቁልፍ ነው፤ ምንም አልሆነም። ደጋግሜ ተጫንኩ። ትንሿ ጣቴን ማዘዝ ነበረብኝ።

መደሰት ነበረብኝ። የሆነ ሰው ስም የጠፋኝ ነው የመሰለኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ ማታ

ወደቀ።

እታባ ወንበር ላይ እንዳሉ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። እሱ ብቻውን ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ። ማኩ ቢሮ ከኔ ጋር ነበር፤ እንደሌለ ያውቃል፣ አይቶኛል ይዤው ስወጣ። ወይ ረስቶት ነው። ግንባሩ አብጧል፣ የተሰበረ የለም። ሐኪም አይቶታል።

እታባ አለቀሱ፣ ከዚያ ተቆጡ። «በዚህ ሳምንት እወስደዋለሁ። አትከራከሪኝ።»

«እሺ» አልኩ።

እዚያ ግቢ አለ። ደረጃ የለም። ፀሐይ አለ። እታባም አውቶቡሱ ይቀርላቸዋል፣ ለሳቸውም ነው። ሕክምናውም ከዚያ ይቀርባል። ሥራዬም ቢሆን እስኪያልቅ ብቻ ነው፤ የሰው ፊት እያየሁ መቀጠል አልችልም። ለሱ የሚበጀው ይሄ ነው። ደረጃ የለውም፣ ዋናው ይሄ ነው። ማንም በኔ ቦታ ቢሆን እሺ ይላል።

ባለቤቴን አልጠየቅነውም። ተኝቶ ነበር። ዓይኑ ክፍት ይሁን ዝግ ከጎን አልታየኝም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ልብሱን ሳጣጥፍ ሲያየኝ ነበር። ባለ ታክሲው ወጥቶ አገዘን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ቀበቶውን ይዤ፣ እታባ በትሩን ይዘው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ አረፍን። ባለ ታክሲው «ጎበዝ አባቴ፣ ደረስን» አለው።

መኪናው ውስጥ ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። መስኮቱን አንኳኳሁ። «ነገ እመጣለሁ» አልኩት።

ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁ። ማኩን ከፍቼ ልሠራ ነበር።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከነልብሴ ተኝቼ አንድ ቀን ሙሉ ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። ስነቃ ረሃብ ብቻ። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ዛሬ ልሄድ ነበር፣ ግን ረፈደ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ምዕራፍ ስድስት። ሰባት። እጄ ራሱ ይሄዳል።

እታባ ደወሉ። ነገ እመጣለሁ አልኳቸው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ሥራው በዛብኝ። እዚያ ሄጄ ደግሞ ደክሞኝ ፊቴ ጠቁሮ ቢያየኝ ምን ይጠቅመዋል? እታባ ደህና ነው ብለዋል። ሲሉ ድምፃቸው ቀዝቀዝ አለብኝ። ነገ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ ማታ

ምዕራፍ ስምንትን ሳቀናብር ሳላስበው ኪውን ነካሁት፣ ሁሉም ተዘጋ። «አየኸው ይሄን ነገር!» ብዬ ጮህኩ፣ ወደ ወንበሩ ዞሬ።

ሴቭ አድርጌው ነበር። ምንም አልጠፋም። ዳግመኛ ለመክፈት ግን ብዙ ቆየሁ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል፣ ፊቱ ሞላ ብሏል። ሲያየኝ በበትሩ ተደግፎ ብድግ አለ። ማንም ሳይዘው!

እታባ እንደ ሕፃን አጨበጨቡለት። «አሁን ይናገራል እኮ! ቆይ። ማን መጣ? ንገረኝ እስቲ፣ ማን ናት የመጣችው?»

አፉን አዘጋጀ። አየኝ። በደንብ ነው ያየኝ።

«ሰው» አለ። «ሰው... መጣ።»

«አየሽ!» አሉ እታባ። «ሻይም ይላል፣ በርም ይላል። እኔን እታባ ይለኛል!»

«እሰይ» አልኩ። «እሰይ፣ ጎበዝ።»

ወጥ ቤት ገብቼ ቆየሁ። በግማሽ የተከተፈ ሽንኩርት ተቀምጧል። እታባ ተከትለውኝ ገቡ፣ ቢላውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ።

«ስም ይከብደዋል፣ ባለሙያዋ ነግራኛለች። የራሱን ስም አይልም። ክፉ አታስቢ።»

«አላሰብኩም።»

«እኔ ግን አስቤብሽ ነበር» አሉ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ። በሩ ሲንኳኳ ቀና ሲል እያየሁ።»

ሥራ በዛብኝ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። «ተኝቼ ነበር፣ እታባ» አልኩ። «ተኝቼ ነው የከረምኩት። ጥሩ እንቅልፍ።»

ሽንኩርቱን ወደኔ ገፉት። «በይ ክተፊ።»

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መጽሐፉ ሄደ። በሰዓቱ። ጋሼ የመጨረሻውን ገጽ ፈርመው «በይ ከዛፉ ውረጂ» አሉኝ። ያ ልጅ ሌላ ክፍል ሊያሠለጥን መጥቶ ኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። «ማዘር! ከኔ ይፈጥናሉ እኮ!»

ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ጊዜ ያሰብኩት ቀን ነው። የተሰማኝ ወገቤ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። የሚቀጥለውን መጽሐፍ፣ የሳይንሱን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ እየመጣሁ ልሥራ አልኳት። ማኩን ይዤ።

«ቤትሽ ሆነሽ?»

«ቤቴ አይደለም። ባለቤቴ እህቱ ጋ ነው። ስትሮክ ነው የመታው። ቀኝ ጎኑ አይሠራም፣ መናገር ይቸግረዋል። ስሜን አይጠራም።» ይሄን ሁሉ ከአፌ ያወጣሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። ስለ ሥራው ለማውራት ቆይተን ነው የተመለስነው። ፈቀደች።

መጋቢት 7፣ እሑድ ጠዋት

ትናንት ከሰዓት እታባ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ሻንጣውን ነው።

«ልብስ አመጣሽለት?»

«የኔ ነው፣ እታባ።»

«እህ?»

«እዚህ ልሁን። እስኪሻለው። እርስዎም ብቻዎን አይችሉትም።»

«አልጋዋ እኮ ጠባብ ናት።»

«እንጠጋጋለን።»

ሻንጣውን ከእጄ ተቀብለው ገቡ። ባለቤቴ ማኩን ከቦርሳው ሳወጣ አይቶ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። አጠገቡ አስቀመጥኩለት። እስኪጠግበው ሰጠሁት ብዬ አልዋሽም፤ ግን ስወስድበት ጠየቅኩት።

ማታ ሁልጊዜ እንደማደርገው በቀኙ በኩል ልተኛ ስል እታባ ከበር ላይ፣ «በግራው ሁኚ! በዚያ በኩል አይሰማውም፤ መኖርሽን በምን ያውቃል?» አሉኝ።

ከተጋባን ጀምሮ በቀኙ ነው የተኛሁት። ዞሬ ገባሁ። ግድግዳ የሌለበት ወገን ነው፣ ትራሱ ይሸታል፣ እግሬ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ድካሙ እንዳለ ነው፤ የትም ብሄድ አብሮኝ የሚሄድ ይመስለኛል። እንቅልፍም እንቢ አለኝ። አጠገቤ ትንፋሹን እየሰማሁ፣ ይሄን ጊዜ እቤቴ ብሆን ተኝቼ ነበር ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። በግራ እጁ ጫፉን ፈልጎ ያዘና፣ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ እስከ ትከሻዬ ጎተተልኝ።